ምስል መክፈቻው ዋናውን ፋይል ሳይጠይቅ አይንካ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፤

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቋረጡን ተከትሎ፣ ዊንዶውስ 11ን ለመጫን የማይበቁ ኮምፒውተሮች ያሏቸው መሥሪያ ቤቶችና ግለሰቦች ማሽኖቻቸውን ከመጣል ይልቅ በነጻ ወደሚገኘው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ወደ ሊኑክስ ቢያዞሯቸው እንደሚሻል የሚመክረውን ጽሑፋችሁን በጥሞና አንብቤያለሁ። በዋናው ሐሳብ እስማማለሁ። ስለ ቢሮ ፕሮግራሞች፣ ስለ ኢንተርኔት ማሰሻዎችና ስለ ፕሪንተር የተሰጠው ማብራሪያም ለጀማሪ የሚጠቅም ነው። ቅር ያሰኘኝ ፎቶግራፍና ስካን የተደረገ ሰነድ ስለሚከፈትበት ፕሮግራም የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጸሐፊው የትኛውም ይሠራል ብለው አልፈውታል። የጽሕፈት፣ የስካንና የፎቶ አገልግሎት ለሚሰጡ ትናንሽ ቤቶች ኮምፒውተር በማዘጋጀት የምተዳደር ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ አባባል እንደ ምክር ተይዞ እንዳይቀር ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

በእነዚህ ቤቶች ከጠዋት እስከ ማታ በብዛት የሚከፈተው የጽሑፍ ፕሮግራም አይደለም። ደንበኛ በቴሌግራም የላከው የባንክ ደረሰኝ፣ ከፊትና ከኋላ የተነሣ መታወቂያ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ፣ ከማመልከቻ ጋር የሚያያዝ ጉርድ ፎቶ፣ ሁሉም ምስል ነው። ሠራተኛው ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ ሲያደርግ የሚነሣለት ፕሮግራም ምስሉን ሲያዞር፣ ሲቆርጥና ሲሰርዝ በፋይሉ ላይ ምን እንደሚያደርግ ካላወቀ፣ ጉዳቱ የሚያርፈው በሌላ ሰው ሰነድ ላይ ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት ምስል መክፈቻ ሲመረጥ ከፍጥነቱም ከመልኩም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ ዋናውን ፋይል ተጠቃሚው ሳያዝዘው ይነካዋል ወይስ አይነካውም የሚለው ነው።

ነገሩን በጉርድ ፎቶ ላስረዳ። የስልክ ካሜራ፣ ስልኩ ቆሞም ተያዘ ተጋድሞ፣ ብዙ ጊዜ ምስሉን የሚያስቀምጠው ሴንሰሩ በተገጠመበት አቅጣጫ ነው፤ ከዚያም ኤግዚፍ በሚባለው ከምስሉ ጋር በሚሄደው መረጃ ውስጥ፣ ምስሉ ሲታይ በየት በኩል ቀና እንደሚል የሚናገር ከ1 እስከ 8 ያለ አንድ ቁጥር ይጽፋል። 1 ከሆነ እንዳለ ይታያል፣ 3 ከሆነ ተገልብጦ ይታያል፣ 6 ከሆነ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር ዞሮ ይታያል። ይህን ቁጥር የሚያነብ ፕሮግራም ሰውየውን ቀጥ ብሎ ቆሞ ያሳየዋል፤ የማያነበው አጋድሞ ያሳየዋል። በአንድ የፎቶ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ክርክር ከዚህ የሚመነጭ ነው፤ ፎቶው በሠራተኛው ስክሪን ላይ ቀጥ ብሎ ይታያል፣ በኢንተርኔት ማመልከቻ ላይ ሲጫን ግን ይጋደማል፣ ደንበኛውም «አበላሻችሁት» ይላል። ፎቶውን ያበላሸ የለም፤ ሁለቱ ፕሮግራሞች ስለ ቁጥሩ አልተስማሙም እንጂ።

ሠራተኛው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ያው ምስሉን ከፍቶ የማዞሪያ ምልክቷን መጫን ነው። ያቺ ምልክት ግን በየፕሮግራሙ የምትሠራው ሥራ ይለያያል። አንዱ ዕይታውን ብቻ ያዞርና ሲዘጋ ነገሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሌላው የኤግዚፉን ቁጥር ይቀይራል፤ ሦስተኛው ምስሉን ራሱን አዙሮ እንደገና ይጽፈዋል። እንደገና መጻፉም ቢሆን ሁለት መንገድ አለው። ጄፔግ የተባለው የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት ምስልን ጎንና ቁመታቸው 8 ፒክስል በሆነ ትናንሽ ካሬዎች ከፍሎ የሚያምቅ በመሆኑ፣ ካሬዎቹን ሳይፈታ ቦታቸውን እየቀያየረ የሚያዞር ፕሮግራም ከጥራቱ ምንም አይቀንስም፤ ምስሉን ፈትቶ እንደ አዲስ የሚያምቀው ግን በእያንዳንዱ ማስቀመጥ ጥቂት ጥቂት ይሸረሽረዋል። ለሠርግ ፎቶ ይህ ላይታወቅ ይችላል። በደበዘዘ ማኅተምና በትናንሽ ፊደላት በተጻፈ ደረሰኝ ላይ ግን የፊደላቱ ጠርዝ መቆሸሽ ቶሎ ይታያል።

እዚህ ላይ ጂተምብ የሚባለው ፕሮግራም ምስጋና ይገባዋል። ጄፔግን ካሬዎቹን ሳይፈታ ያዞራል፤ የምስሉ ወርድ ወይም ቁመት ለእነዚህ ካሬዎች እኩል የማይካፈል ሆኖ ጠርዝ ላይ ትርፍ ሲቀር ደግሞ፣ በዝምታ ከማለፍ ይልቅ ትርፉ ይቆረጥ ወይስ በጠርዙ ላይ የሚፈጠረውን ትንሽ መዛባት ትቀበላለህ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ የሚያሰለቻቸው ሰዎች አሉ። ለእኔ ግን በሌላ ሰው ሰነድ ላይ ለሚሠራ ቤት ፕሮግራሙን የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ይኸው ጥያቄ ነው። ኬዲኢ ከሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ (የመስኮቶችና የምናሌዎች ገጽታ) ጋር የሚመጣው ግዌንቪውም እንዲሁ ጨዋ ነው፤ ምስሉን ካዞሩት ወይም ከቆረጡት በኋላ ከላይ በኩል ለውጡ እንዳልተቀመጠ የሚናገር መስመር ያወጣና፣ በዋናው ላይ ይጻፍ ወይስ በሌላ ስም ይቀመጥ የሚለውን ለተጠቃሚው ይተዋል። ግኖም የተባለው ሌላው ዴስክቶፕ የቆየ መክፈቻ የሆነው አይ ኦፍ ግኖም ሲዘጋ ይጠይቃል። ከእሱ የተወለደውና ሊኑክስ ሚንት ከሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ጋር የሚመጣው ኤክስቪወርም የአባቱን ጠባይ ይዟል።

በሌላው ጫፍ ፌህ አለ። ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት ከተርሚናል የሚነሣ፣ የምናሌ መስመርና አዝራር የሌለው፣ በጣም ቀላልና እጅግ ፈጣን ፕሮግራም ነው፤ እኔ በግሌ በየዕለቱ የምጠቀመው እሱን ነው። ሆኖም ለደንበኛ ኮምፒውተር አስገብቼው አላውቅም። ምስልን በቦታው የማዞር ችሎታው ሲነሣ ለብቻው ካልታዘዘ የማይሠራ መሆኑ መልካም ነው፤ መሰረዙ ግን ሌላ ነገር ነው። ዲሊት ብቻ ሲጫን ምስሉ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ ኮንትሮልና ዲሊት አብረው ሲጫኑ ግን ፋይሉ ራሱ ከዲስኩ ይሰረዛል፤ ትራሽ ውስጥ አይገባም፣ እርግጠኛ ነህ ወይ የሚል ጥያቄም የለም። ኪቦርዱን ለለመደ ሰው ይህ ምቾት ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ሰው በሚፈራረቅበት ቤት ግን የደንበኛን ሰነድ በሁለት ጣት ለማጥፋት የተከፈተ በር ነው። ግኖም አሁን ይዞት የሚመጣው ሉፕ በተቃራኒው ዲሊት ሲጫን ፋይሉን ወደ ትራሽ ይወስድና እዚያው ስክሪኑ ላይ መመለሻ ያቀርባል።

ሉፕን ካነሣሁ፣ ጽሑፋችሁ ግኖምን የሚጠቀመውን የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱን ለሁሉም እንደ አንድ ነገር ስለጠቀሰው አንድ ማስተካከያ ልጨምር። ግኖም ለብዙ ዓመታት ሲጠቀምበት የነበረውን አይ ኦፍ ግኖምን እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 45ኛው ዕትሙ በሉፕ ተክቷል፤ የኡቡንቱ 24.04 ተጠቃሚ ግን የሚያገኘው አሁንም የድሮውን ነው፣ ሉፕ በኡቡንቱ ነባሪ (ሳይመርጡት የሚከፍተው) የሆነው በ25.10 ነው። ስለዚህ ሁለት ጎረቤት ቢሮዎች ሁለቱም ኡቡንቱ ጭነው የሚከፍትላቸው ፕሮግራም የተለያየ ሊሆን ይችላል። መቁረጥን፣ ማዞርንና መገልበጥን የሚሠራው የሉፕ አርትዖት ክፍል ደግሞ የመጣው በግኖም 48 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሉፕ ጉርድ ፎቶ እቆርጣለሁ ያለ ሰው መቁረጫውን ቢፈልግ አያገኘውም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሉፕን የምደግፍበት አንድ ጠንካራ ምክንያት አለ፤ እሱም ደኅንነት ነው። ከማይታወቅ ሰው የመጣ ምስል ንጹሕ ነው ብለን የምናምነው በልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ዌብፒ የተባለውን የምስል ዓይነት በሚፈታው ላይብረሪ (ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ክፍል) ውስጥ ከባድ ቀዳዳ መገኘቱና አጥቂዎችም ሲጠቀሙበት እንደነበር መታወቁ ይታወሳል፤ ማሰሻዎችና በርካታ ፕሮግራሞች በጥድፊያ መታደስ ነበረባቸው። ሉፕ ምስሉን የሚፈታው በራሱ ውስጥ አይደለም፤ ግላይሲን በሚባል ክፍል አማካይነት፣ ከቀረው ሲስተም በታጠረ ሌላ ሂደት ውስጥ ነው። ተንኮል ያለበት ምስል ቢገባ የሚያገኘው ነገር እጅግ ጥቂት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ከማንም የመጣ ፍላሽ ለሚሰካበት ቤት ይህ ተራ ነገር አይደለም። በዚያው ልክ ሥራው የቆመ ፕሮግራም አለመምረጥ ይገባል፤ ለምሳሌ ብዙዎች የሚያወድሱት ኤስኤክስአይቪ ተቋርጦ ሥራው የቀጠለው ኤንኤስኤክስአይቪ በሚባለው ተከታዩ ነው።

ስለ ምስል ዓይነቶች ብዙ አልልም፤ ሁለቱን ግን መዝለል አይቻልም። የመጀመሪያው ሄይክ ነው። አይፎን ከአይኦኤስ 11 ወዲህ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ፣ ፎቶን በነባሪነት የሚያስቀምጠው በዚህ ዓይነት ነው፤ አሜሪካ ያለ ዘመድ የልደት ምስክር ወረቀቱን በስልኩ አንሥቶ ሳይቀየር በፋይል መልክ ሲልክ እዚህ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ይኸው ሄይክ ነው። ሊኑክሱ አልከፈተውም ተብሎ ኮምፒውተሩ ሲወቀስ እሰማለሁ። ብዙዎቹ ምስል መክፈቻዎች ግን ዓይነቶችን የሚያነቡት በጋራ ላይብረሪ አማካይነት ስለሆነ፣ የጎደለውን የሄይክ ማንበቢያ አንድ ጊዜ መጫን በዚያ ላይብረሪ የሚጠቀሙትን ሁሉ ያበቃቸዋል፤ ፕሮግራም መለወጥ አያስፈልግም። ሁለተኛው ብዙ ገጽ ያለው ቲፍ ነው። ስካነር ዐሥር ገጽ ውል በአንድ ቲፍ ፋይል ሲያስቀምጥ፣ አይ ኦፍ ግኖምን የመሰሉ መክፈቻዎች የሚያሳዩት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው፤ ዘጠኙ አሉ ብለው እንኳ አይናገሩም። እንዲህ ያለውን ፋይል በሰነድ መክፈቻው በኤቪንስ መክፈት ወይም ከመጀመሪያው ስካኑን በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ነው የሚሻለው።

አንድ ሌላ ነገር ልጥቀስ፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ሰው ያስለቅሳል። ፊርማና ማኅተም ነጩ ወረቀት ተወግዶ ጀርባው ባዶ በሆነ ፒኤንጂ ሲቀመጥ፣ በጥቁር ቀለም የተጻፈው ፊርማ ጥቁር ጀርባ ባለው መክፈቻ ሲከፈት ጭራሽ አይታይም። ሠራተኛው ፋይሉ ባዶ ነው ብሎ ይሰርዘዋል፣ ወይም ደንበኛውን እንደገና ያስፈርማል። ጥቁሩ ጀርባ ለዐይን ደስ እንደሚል አልክድም፤ ሆኖም በሰነድ ቤት ውስጥ ባዶውን ክፍል በነጭና ግራጫ ካሬዎች እንዲያሳይ የሚስተካከል መክፈቻ ይመረጣል፤ አይ ኦፍ ግኖም ለዚህ በምርጫዎቹ ውስጥ ግልጽ ቦታ አለው።

ፈጣን የተባለውን ሁሉ ለሚከተሉ ደግሞ ስሌቱን ላሳይ። 6000 በ4000 ፒክስል የሆነ ፎቶ በዲስክ ላይ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለመታየት ሲፈታ ግን ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚያዝለት በማስታወሻ ላይ 96 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ቀጣዩንና የቀደመውን ምስል አስቀድሞ የሚፈታ መክፈቻ ይህንን በሦስት ያበዛዋል። 4 ጊጋባይት ራም ባለውና ማሰሻው በተከፈተበት አሮጌ ማሽን ላይ መንቀርፈፉ ከዚህ እንጂ ከፕሮግራሙ ትልቅነት ብዙም አይመጣም። ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው ቀላል ዴስክቶፕ ጋር የሚመጣው ሪስትሬቶ ለእንዲህ ያለ ማሽን ደህና ነው። ፍላትሃብ ከሚባለው የኢንተርኔት የፕሮግራም ማከማቻ የሚወርድ ዕትም ግን መጀመሪያ ሲጫን አብሮት የሚመጣው መሠረት በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ፣ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ከሊኑክሱ የራሱ ማከማቻ የሚገኘውን ዕትም እመክራለሁ።

ለባለሙያ ፎቶ አንሺዎች ምርጫው ሌላ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ የካሜራ ጥሬ (ገና ያልተቀናበሩ) ፋይሎችን አይቶ ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ጊኪ የሚባለውን መክፈቻ የሚተካከል ያየሁ አልመሰለኝም፤ በጥሬው ፋይል ውስጥ የተቀመጠውን ቅድመ ዕይታ አውጥቶ ስለሚያሳይ አያስጠብቅም፣ ምስሎችን ጎን ለጎን አድርጎ ያስተያያል፣ ተመሳሳይ ፎቶዎችንም ይፈልጋል። መልኩ ያረጀ ነው። ለኅትመት የሚዘጋጅ ምስል ደግሞ የቀለም ፕሮፋይሉን (ቀለሞቹ እንዴት መታየት እንዳለባቸው የሚናገረውን መረጃ) በሚያነብ መክፈቻ መታየት አለበት፤ ፌህን የመሰሉት ቀላሎቹ ይህን አይሠሩም፣ ስለዚህ በእነሱ ያዩት ቀይ ማተሚያ ቤት የሚያትመው ቀይ ላይሆን ይችላል።

ከዊንዶውስ የመጡ ብዙ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እዚያ የለመዱትን ምስል መክፈቻ ኢርፋንቪውን ነው። የሊኑክስ ዕትም የለውም፤ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ በሚያስነሣው በዋይን አማካይነት ማስነሣት ይቻላል፣ ግን ሁለት ሥርዓት መሸከም ነውና አልመክርም። ለእሱ የሚቀርበው ኤክስኤንቪው ኤምፒ ነው፣ በሊኑክስም ይሠራል። ይሁን እንጂ ነጻ የሆነው ለግል ጥቅም ነው፤ ለንግድ የሚጠቀምበት ድርጅት ፈቃድ መግዛት ይኖርበታል። ወደ ሊኑክስ የዞረው ያለ ፈቃድ ከተጫነ ዊንዶውስ ለመላቀቅ ከሆነ፣ በምስል መክፈቻ በኩል እዚያው መመለሱ ትርጉም የለውም።

ጽሑፋችሁ ስለ ምስጢር አጠባበቅ ባነሣው ላይ የምጨምረው፣ የፋይል ማሰሻውና ምስል መክፈቻው ለእያንዳንዱ ምስል ትንሽ ቅጂ ሠርተው በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ በተሰወረ የካሽ (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ቦታ እንደሚያስቀምጡ ነው። የቅጂው መጠን ብዙ ጊዜ 128 ወይም 256 ፒክስል ሲሆን፣ በመታወቂያ ላይ ያለን ፊት ለመለየት ይበቃል። ዋናው ምስል ከተሰረዘ በኋላም ይህ ቅጂ ሊቆይ ይችላል። የሰው መታወቂያ ስካን የሚያደርግ ቤት ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን መሰረዙ ብቻ አይበቃም፤ ይህንም ቦታ ማጽዳት አለበት።

እንግዲህ ለአንባቢያችሁ ቁርጥ ያለ ምክር ስጥ ብባል፣ ለተራ ቢሮ ሊኑክስ ሚንት ተጭኖ በኤክስቪወር ምስል ይታይ፣ ማዞርና መቁረጥ ሲያስፈልግ ደግሞ አብሮት የሚመጣው፣ ከጂተምብ የተወለደው ፒክስ ይከፈት እላለሁ። ግኖምን ለመረጠ ሉፕና ጂተምብ፣ ኬዲኢን ለመረጠ ግዌንቪው ብቻውን ይበቃል። የተመረጠውን ነባሪ ማድረግ የሚቻለው ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ የሚከፍተውን ፕሮግራም በመምረጥ ነው፤ ይህ ግን ለአንድ የምስል ዓይነት ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ ለጄፔግ የተደረገው ለፒኤንጂ፣ ለዌብፒና ለቲፍ እየተደጋገመ መደረግ አለበት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ከአንድ በላይ ተጠቃሚ ካለም በእያንዳንዱ መለያ ገብቶ መደገም አለበት። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ነው ሠራተኛው ጄፔጉ በአንዱ፣ ፒኤንጂው በሌላው እየተከፈተበት የቱ ጠይቆ እንደሚያስቀምጥና የቱ እንደማይጠይቅ የሚምታታበት።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ከአዲስ አበባ